የወንዟ አሻንጉሊት ልብስ

ልጄ ካዮ በስድስት ዓመቷ ኩፍኝ ያዛት። ትኩሳቷ አራት ቀን ሙሉ አልወርድ አለ። ባሌ ጊሳኩ በረዶ በወደቀ ቁጥር እንደሚያደርገው ኦሳካ ሄዶ የግንባታ ሥራ ላይ ነበር። እኔ ብቻዬን ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ እየቀያየርኩ፣ ትንፋሿን እየቆጠርኩ ተቀመጥኩ። ሌላ ልጅ የለኝም። ከእሷ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም አልቆዩልኝም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጎረቤቴ እማማ ኦሪኩ መጡ። እማማ ኦሪኩ አርባ ዓመት ሙሉ ሣጥን በወረቀት ሲያለብሱ የኖሩ ሴት ናቸው። የሻይ ቆርቆሮ፣ የእርሳስ ሣጥን፣ ትንንሽ መሳቢያ፣ ሁሉንም ቺዮጋሚ በምንለው ባለ ሥዕል ወረቀት ያለብሱታል። እኔንም ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን በብብታቸው ሥር አንድ ጥቅል ወረቀት ይዘው ነበር። ከፊቴ ዘረጉት። መደቡ ቀይ ነው። በላዩ ነጭ የፕሪም አበባ ተበትኖበታል፤ የእያንዳንዱ አበባ ጠርዝ በወርቅ ቀለም ተከቧል።

«ከጦርነቱ በፊት የታተመ ነው» አሉ። «ማተሚያው እንጨት ከነቤቱ ተቃጥሏል። ሁለተኛ አይገኝም። ነገ የልጅሽን አሻንጉሊት በዚህ አልብሻት።»

«እማማ፣ ይኼን ለወንዝ?»

«ለልጅሽ ነው እንጂ ለወንዝ ነው ያልኩሽ? ክፉ ነገርም እኮ ዓይን አለው። ርካሽ ወረቀት ለብሳ ብትወጣ ማን ይከተላታል? እኔን በወጣትነቴ ማን ተከተለኝ፣ ያ ጥርሰ ገጣጣ ባሌ ብቻ!»

እየሳቁ ቢናገሩም ካዮን ሲያዩ ዓይናቸው አልሳቀም።

በእኛ መንደር በሦስተኛው ወር በሦስተኛው ቀን እናቶች ለልጆቻቸው የወረቀት አሻንጉሊት ይሠራሉ። ርዝመቷ ከመዳፍ አይበልጥም። ሰውነቷ ነጭ ወረቀት ነው፣ ልብሷ ባለ ሥዕል። ፊት አይሠራላትም። ፊት ካላት የራሷ ሰው ትሆናለች፣ ፊት ከሌላት ግን የሌላ ሰው ምትክ መሆን ትችላለች ይላሉ። የልጅቷ ስም በልብሷ ጀርባ፣ ከአንገቷ ዝቅ ብሎ ይጻፋል። ከዚያ በአሻንጉሊቷ የልጅቷን አካል ከራስ እስከ እግር ይዳብሳሉ፤ ልጅቷም ሦስት ጊዜ ትተነፍስባታለች። በሽታውና ክፉው ነገር ወደ አሻንጉሊቷ ሲያልፍ በገለባ ሰፌድ ላይ አስተኝተው፣ የኮክ አበባ አጠገቧ አድርገው ለወንዙ ይሰጧታል። ሰጥቶ የሚመለስ ሰው ወደ ኋላ አያይም።

ያን ጊዜ እኔ መጻፍ አልችልም ነበር። የእኔ ዕድሜ ልጆች በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካ እንጂ ትምህርት ቤት አልገባንም። የካዮን ስም የጻፈችልኝ የሩዝ ነጋዴው ሚስት ናት። በማግስቱ ጠዋት ካዮን ከራስ እስከ እግር ዳበስኳት። ሁለት ጊዜ ተነፈሰች። በሦስተኛው ሳል ቀደማት።

ወንዙ ጋ የደረስኩት ሌሎቹ እናቶች ተመልሰው ነው። ካዮን ትቼ ለመውጣት እግሬ እምቢ ብሎኝ ዘግይቼ ነበር። ወንዙ የሚታጠፍበት፣ ትልቁ የአኻያ ዛፍ ያለበት ቦታ ብቻዬን ተንበረከክኩ። እኩለ ቀን ነው። ፀሐይዋ ወረቀቱ ላይ ስትወድቅ ወርቁ ብልጭ አለ።

እውነቱን ልናገር። ያን ወረቀት ውሃ ሲበላው ማየት አቃተኝ። ቀን ከቀን ወረቀት ስቆርጥ የምውል ሰው ነኝ፤ የጥፍር ያህል ቁራጭ እንኳ አልጥልም፣ በፖስታ ውስጥ አጠራቅማለሁ። የምትሄደው አሻንጉሊቷ ናት፣ ልብስ ምን ያደርጋል አልኩ ለራሴ። የቀበቶዋን ክር ፈታሁ። ልብሷን ገፍፌ እጅጌዬ ውስጥ ከተትኩት። ነጭ ሆና በጀርባዋ ተኛች። ሰፌዱን ገፋሁት። ስመለስ ወደ ኋላ አላየሁም። አፍሬ ነው እንጂ ደንቡን አክብሬ አይደለም።

የዚያኑ ዕለት ወደ ማታ የካዮ ትኩሳት ወረደ። ስለዚህ ምንም አላጠፋሁም አልኩ።

እንደ አገራችን ልማድ የካዮን እትብት ያስቀመጥኩባትን ትንሽ የእንጨት ሣጥን በዚያ ሰሞን አይጥ በልቷት አገኘሁ። እትብቱ ደህና ነው፤ ሣጥኗ ግን ጥጓ ተቦርቡሯል። አዲስ ሣጥን ሠራሁ። ውስጧን በቀዩ ወረቀት አለበስኩ። ከልብሱ ላይ የካዮ ስም የተጻፈበትን ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጬ አወጣሁ፤ ቀለሙ በሥራው መካከል እንዳይታይ ብዬ ነው። እሷን ብቻ ማንደጃው ውስጥ ጣልኳት። የተረፈውን ቁራጭ እንደ ልማዴ በፖስታ አስቀመጥኩ። ለልጄ ከዚህ የሚያምር ነገር ሠርቼ አላውቅም። እማማ ኦሪኩ እንዳያዩት ሣጥኗን ቁምሳጥኑ መጨረሻ መሳቢያ ውስጥ ደበቅኳት።

ካዮ ትምህርት ቤት ገባች። በጋው ሙሉ እየሮጠች፣ ጉልበቷን እየላጠች ከረመች። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር እኔም ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በመንደሩ አዳራሽ ከሌሎች ሴቶች ጋር ፊደል መማር ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት መሳቢያውን ስከፍት የወንዝ ሽታ ወጣ። የሣጥኗ ውስጥ እርጥብ ነው። ከላይ የተቀመጠው ጨርቅ ደረቅ፣ ከሥር ያለው ደረቅ፣ እሷ ብቻ እርጥብ። ፀሐይ ላይ አሰጣኋት። በማግስቱ ደግሞ እርጥብ። በሦስተኛው ቀን ሰሌኑ ላይ አንድ መስመር አየሁ። ሁለት ጣት የማይሞላ ስፋት ያለው የውሃ መስመር ነው። ከኩሽናው በር ተነሥቶ፣ በካዮ መኝታ አጠገብ አልፎ ቁምሳጥኑ ጋ ይቆማል። ቀንድ አውጣ ነው አልኩ። በዚያ ብርድ ቀንድ አውጣ የለም።

ከዚያ በኋላ የካዮ እጅጌ መርጠብ ጀመረ። ከእንቅልፏ ስትነሣ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ድረስ ይንጠባጠባል። እጇ ይቀዘቅዛል። ሐኪም ጋ ወሰድኳት። «ትኩሳት የላትም» አለኝ። «ትኩሳት የላትም እኮ ነው የምልዎት! ምንም ሙቀት የላትም!» ብዬ ጮህኩበት። ደም አንሷታል፣ ጉበትና እንቁላል አብሊያት አለ። አበላኋት። በየሳምንቱ ይበልጥ እየቀለለች መጣች። ሳቅፋት ክብደት አልነበራትም። እጇን በመስኮት ብርሃን ላይ ስትዘረጋ ብርሃኑ በመዳፏ ውስጥ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ወር የትምህርት ቤቱ ፎቶ መጣ። ሠላሳ ሁለት ልጆች ናቸው። አፍንጫውን የሚነካካውም፣ ዓይኑን የጨፈነውም ጥርት ብሎ ይታያል። በሁለተኛው ረድፍ የካዮ ፀጉር አለ፣ የካዮ ኮሌታ አለ፣ በመካከሉ ነጭ ነገር አለ። ዓይን የለውም። አፍ የለውም።

ፎቶ አንሺው ሳቀብኝ። «ልጅሽ ሞተር ተገጥሞላታል እንዴ? ተንቀሳቅሳ ነው!»

ጊሳኩ ለአዲስ ዓመት ሲመጣ አሳየሁት። «ያንቺ ልጅ አይደለች፣ ዝም ብላ መቆም የት ታውቃለች» አለ። ከዚያ ጠጋ አድርጎ አየው። ፎቶውን በፊቱ ደፍቶ አስቀመጠው። በሳምንቱ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሲሄድ ካዮን ከወትሮው አብልጦ አቅፎ ቆየ።

ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ወደ ማምሻው የእርሳስ ሣጥን እያለበስኩ ሳለ በሚቀጥለው ክፍል ካዮ ስታወራ ሰማኋት።

«ካዮ፣ ከማን ጋር ነው?»

«ከእህቴ ጋር።»

«እህት የለሽም እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«ቀጭኗ። በረደኝ ትላለች።»

እጄ ላይ ያለውን ሙጫ በጨርቅ ጠረግኩ። ከዚያ «ምን ትመስላለች?» አልኳት።

«ነጭ ናት። ፊት የላትም። ስለዚህ ተቆጥታ ይሁን አይሁን አይታወቅም።»

«ምን ፈልጋ ነው የምትመጣው?»

«ልብሷን። አንቺ ደብቀሽባታል አለች።» ካዮ ይኼን ስትል ወደ በሩ መጣች። በማምሻው ብርሃን ቅንድቧን ፈለግኩት፣ አጣሁት። የአፏ ቀለም ከጉንጯ አይለይም። «እማዬ፣ ልብሷን ካልሰጠሻት ግን ምንም አይደለም። እኔኑ እንደምትለብሰኝ ነግራኛለች።»

ባዶ እግሬን በበረዶው ላይ ሮጬ እማማ ኦሪኩ ቤት ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ወንዙን፣ እጅጌዬን፣ የእትብቱን ሣጥን፣ ያቃጠልኩትን ስም። እማማ ኦሪኩ በእጃቸው የያዙትን ብሩሽ አስቀመጡ።

«አንቺ ልጅ» አሉ። «ሰው የሰው ልብስ ይሰርቃል። አንቺ የወረቀት ልብስ ሰረቅሽ! ሌብነትሽ እንኳ ቁጥብ ነው።»

«እማማ፣ ይምቱኝ።»

«ልምታሽ ብል የት ጉልበት አለኝ። ዓይንሽን በወረቀት ያበላሸሁት እኔው ነኝ፤ ጥፋቱ ለሁለት ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «የልጅሽን ሕመም ከልጅሽ እትብት ጋር በአንድ ሣጥን ዘጋሽው። እሷን ደግሞ ያለ ልብስና ያለ ስም ሰደድሻት። ለማን እንደቆመች አታውቅም። የት ትሂድ? የምታውቀው ያንቺን ቤት ነው።»

«ምን ላድርግ?»

«በምንድነው የለጠፍሽው? በሱቁ ሙጫ?»

«በስንዴው ነው። እርስዎ እንዳስተማሩኝ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ተነፈሱ። «እንግዲያው መንገድ አለ። የሱቁ ቢሆን አልቆልን ነበር። የስንዴ ሙጫ በውሃ ይለቃል። ወረቀቱም የእንጆሪ ዛፍ ልጥ ነው፤ ውሃ ያለሰልሰዋል እንጂ አይገድለውም። ግን ከቀደድሽው፣ የካዮ እናት፣ ከቀደድሽው እኔም አላውቅልሽ። ነገ ፀሐይ ስትወጣ ወንዙ ጋ እንሄዳለን።»

በማግስቱ ካዮን ለሩዝ ነጋዴው ሚስት አደራ ሰጠኋት። እትብቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ደረቷ ላይ አሰርኩላት። ከሣጥኗ ጋር የቁራጮቹን ፖስታ ያዝኩ። እማማ ኦሪኩ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው በጨርቅ የተቋጠረ የሙጫ ሳህን ይዘው፣ አዲስ የገለባ ሰፌድ ጀርባቸው ላይ አዝለው ከፊቴ ሄዱ። በረዶው ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር። መንገዱን ሙሉ አጉረመረሙ። «ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። በሰባ ሦስት ዓመቴ አሻንጉሊት ላለብስ እወጣለሁ። ቀጥሎ ጡት ልጥባ?»

አኻያው ጋ ስንደርስ ማጉረምረማቸውን አቆሙ።

ሥሮቹ መካከል አንድ የገለባ ሰፌድ ተሰክቶ ነበር። ገለባው ጠቁሮ በስብሷል። የኮኩ አበባ ቅርንጫፍ ብቻ ቀርቶ እንደ አጥንት ደርቋል። በላዩ እሷ ተኝታለች። አሥር ወር ሙሉ ዝናብና ጎርፍና በረዶ አልፎባታል። ነጭ ናት። ጣቴን ሳሳርፍባት ደረቅ ናት። በጀርባዋ አስተኝቼ ነበር የሰደድኳት፤ አሁን በጎኗ ወደ መንደሩ ዞራ ነበር።

እማማ ኦሪኩ የሙጫውን ሳህን በረዶው ላይ አስቀምጠው ወንዙ ዳር ተቀመጡ።

ኪሞኖዬን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ሣጥኗን ከውሃው በታች ያዝኩ። ብርዱ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ምንም አይሰማም። ጥቂት ቆይቶ ሙጫው እንደ ሩዝ ውሃ ነጭ ሆኖ መውጣት ጀመረ። ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ከወረቀቱ ሥር አስገባሁ። «አትሳቢ» ይሉኛል እማማ ኦሪኩ ከዳር፣ «እሱ ራሱ እስኪለቅሽ ጠብቂው፤ አትሳቢ!» አንደኛው ጎን ለቀቀ። ሁለተኛው። ጥጉ ላይ ትንሽ ሲጠጥር ስንጥሩን ሳልገፋ ጠበቅኩ። ለቀቀ። ቀዩ ወረቀት ሙሉውን በመዳፌ ላይ ተዘረጋ፤ አንድም ስንጥቅ የለውም። ወርቁ እንኳ አልደበዘዘም።

እማማ ኦሪኩ ቁራጮቹን በጉልበታቸው ላይ ገጣጥመው በሙጫ አያያዙ። በአርባ ዓመት ሥራቸው እንደዚያ ያለ ነገር አልሠሩም። መጋጠሚያው አይታይም። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ጣት የምታህል ክፍተት። ነጭ ወረቀት ቆርጠው ሞሉት።

«የልጅሽን ስም ጻፊበት» አሉኝ። «ለማን እንደቆመች ማወቅ አለባት። አለበለዚያ ነገም ትመጣለች።»

ለአዳራሹ ትምህርት የምይዘውን ብሩሽና ቀለም አምጥቼ ነበር። የካዮን ስም ሺህ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ መጀመሪያ የተማርኩት እሱን ነው። ብሩሹን አነሣሁ። ልብሱ ግን አንድ ጊዜ ተሰርቋል። በእትብቷ ሣጥን አሥር ወር ተቀምጧል። ይቺ ነገር የቤታችንን መንገድ፣ የካዮን መኝታ፣ የካዮን ድምፅ ታውቃለች። አሁን ስሟን ደግሞ እኔ በእጄ ልስጣት? ወንዙ አርቆ ካልወሰዳትስ? ደግማ ከተመለሰችስ?

የጻፍኩት ቶሴ ብዬ ነው። የራሴን ስም።

«ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

እማማ ኦሪኩ ጎንበስ ብለው አዩት። እሳቸው ፊደል አይለዩም። «ደህና ተጽፏል። መስመሩ ግን ምነው ጠመመ?»

«ብርዱ ነው፣ እማማ።»

አሻንጉሊቷን አለበስኳት። ቀበቶዋን አሰርኩ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ግንባሬን፣ አንገቴን፣ ደረቴን፣ እግሬን ዳበስኩባት። ሁለት ጊዜ ተነፈስኩ። በሦስተኛው ሳል ቀደመኝ።

እማማ ኦሪኩ ባመጡት አዲስ ሰፌድ ላይ አስተኝቼ ገፋኋት። ወዲያው አልሄደችም። አንድ ጊዜ ቀስ ብላ ዞረች፤ ያ ፊት የሌለው ራሷ ወደ እኔ ሆነ። ከዚያ ውሃው ያዛትና ወረደች። ወደ ኋላ አላየሁም። በዚህኛው ጊዜ እንደ ደንቡ ነው።

ካዮ የሩዝ ነጋዴው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከሩቅ ጉንጯ ቀይ ነው። ቅንድቧ አለ። በአፏ ጥግ የሩዝ ፍሬ ተጣብቋል።

«እማዬ፣ ርቦኛል።»

«አሁን እኮ ነው የበላችው!» አለች የነጋዴው ሚስት ከውስጥ። «ሦስት ሳህን! ባልሽ በቶሎ ካልመጣ ሱቁን ትጨርስልኛለች!»

አቀፍኳት። ከበደችኝ። መንገድ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ይኼ ከሆነ አንድ ዓመት አልፏል። በሚያዝያ ትምህርት ቤት ሲከፈት እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር ፎቶ አነሡን። ካዮ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አፏን ከፍታ ትስቃለች፤ ድድዋ እንኳ ይታያል። አጠገቧ የእኔን ኪሞኖ የለበሰች ሴት እጇን ይዛታለች፤ ከኮሌታዋ በላይ ነጭ ነው። ጊሳኩ ፎቶውን ሲያይ «ደግሞ አንቺም መቆም አቃተሽ?» ብሎ ሊስቅ ጀመረ። ሳቁን ሳይጨርስ ተቀብዬው በፊቱ ደፍቼ አስቀመጥኩት።

እትብቷ አሁን ነጭ ወረቀት ብቻ በለበሰች ሣጥን ውስጥ ነው። ዘንድሮም በሦስተኛው ወር ለካዮ አሻንጉሊት ሠራሁ። ስሟን ራሴ ጻፍኩ፣ ልብሷን አልነካሁባትም፤ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ሆኜ ሰደድኳት። ደህና ሄዳለች።

ጠዋት ስነሣ እጅጌዬ እርጥብ ነው። ሰሌኑ ላይ ያለው የውሃ መስመር ከኩሽናው በር ይነሣል፤ በካዮ መኝታ በኩል አያልፍም፣ ዞሮ በቀጥታ ወደ እኔ ትራስ ይመጣል። ካዮ ሳትነሣ በጨርቅ እጠርገዋለሁ። ከዚያ ሄጄ የእሷን ትራስ በመዳፌ እዳብሳለሁ፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ።

ደረቅ ነው።